ባሌን በሆኪ ክርክር መሐል የፈለግሁበት ቅዳሜ

ይህ የደረሰብኝ በ1989 ዓ.ም. በረመዳን ነው። የምንኖረው ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ባለችው ሆፕኪንስ ነበር፤ እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። ባሌ ሰይድ ግን ዛሬ የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቆይበት ዒዳዬ ገና አላለቀም። እጄ ቶሎ አይጽፍልኝም። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ቢሆንም መጻፍ አለብኝ። ያን ቀን የደረሱልኝ ሰዎች ዓይቻቸው የማላውቃቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ ድምፃቸውን ስሰማ ሬዲዮ የምዘጋባቸው ሰዎች ነበሩ።

ሰይድ የደሴ ልጅ ነው። እዚህ ታክሲ ይነዳ ነበር። በመጣ በመጀመሪያው የበረዶ ወራት አንድ ተሳፋሪ ትርፍ ትኬት ሰጠውና በረዶ ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ አየ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሌላ ሆነ። ትልቁ የከተማው ቡድን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ የሄደ ጊዜ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ፊቱ ጠቁሮ ሰነበተ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ልጆች ያዘ።

ከልጆቹ መካከል አሥራ ሰባት ቁጥር የሚለብስ አንድ አጥቂ ነበር። ሰይድ "ቀጮ" ይለዋል። ጎል የሚያገባው እሱ ነው፣ የሚሰደበውም እሱ ነው። ሌሎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲከላከሉ ቀጮ አይመለስም። ወደ ተጋጣሚው ሜዳ መግቢያ ላይ ካለችው ሰማያዊ መስመር አጠገብ ቆሞ ኳስ ይጠብቃል። ኳስ የምለው እኔ ነኝ፤ የሚመቱት ጥቁር ጎማ ነው። ሰይድ ይህን ስል ሁልጊዜ ይናደድ ነበር።

አርብ ይጫወታሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ሰው እየደወለ ስለ ጨዋታው ይከራከራል። ሰይድ ታክሲውን አቁሞ ከሕዝብ ስልክ ይደውላል። አቅራቢው ስሙን መጥራት አቅቶት "ሲድ ከሆፕኪንስ" ይለዋል። ዋናው ባላጋራው ደግሞ ዋልተር የሚባል፣ ብሩክሊን ሴንተር የሚኖር፣ ለከተማው በረዶ የሚጠርግ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን የተባባሉት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

"ልጁ ሰነፍ ነው" አለ ዋልተር። "እሱ በረዶው ላይ ሲኖር እኛ የምንጫወተው አንድ ሰው ጎድሎን ነው። አሠልጣኙ ወንበር ላይ ያስቀምጠው።"

"አንተ ጨዋታ አታይም" አለው ሰይድ። "እሱ እዚያ ሲቆም የነሱ ሁለት ተከላካዮች ወደፊት መምጣት ይፈራሉ። ሳይሮጥ ሁለት ሰው አሰረልህ። ከዚህ በላይ መከላከል አለ?"

"ሲድ፣ ታክሲህንም የምትነዳው እንዲህ ቆመህ ነው?"

"አዎ! ሌላው ሾፌር ተሳፋሪ ሲያሳድድ ነዳጁን ይጨርሳል። እኔ ሰው የሚወጣበትን በር አውቃለሁ፣ እዚያ ቦታዬን ይዤ እጠብቃለሁ።"

ሬዲዮው ውስጥ ሳቁ። እኔም ወጥ ቤት ሆኜ "ልጅ ያላሳደጉ ሽማግሌዎች" አልኩ። አላህ ለእኛ ልጅ አልሰጠንም። ቤታችን ውስጥ የሚጮኸው ያ ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጠላሁት።

ሰይድ የስኳር በሽተኛ ነበር። በየቀኑ መርፌ ይወጋል። ረመዳን ሲመጣ ሐኪሙ እንዳይጾም ከለከለው። እሱ ሐኪም አይሰማም ብዬ ሼሁ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሼሁም "ለበሽተኛ የተፈቀደ ነው፤ በየቀኑ ምትክ ምስኪን ታበላለህ። ራስህን ብትጎዳ ግን ተጠያቂ ነህ" አሉት። አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። እኔ እየጾምኩ፣ ለእሱ በየማለዳው ምሳ እየቋጠርኩ እሰጠው ጀመር። ማታ ባዶ ዕቃ ይዞ ይመጣል። "ጣፈጠህ?" እለዋለሁ። "አልሐምዱሊላህ" ይለኛል።

ያን ቅዳሜ ከማለዳው ጀምሮ በረዶ ይጥል ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣና ከመስኮታችን ማዶ ያለው ሕንፃ ጠፋ። ያን ቀን ሥራ አልነበረኝም። ለፍጡር፣ ለጾሙ መፍቻ፣ ሾርባ ልሠራ አስቤ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የምናወጣውን ትልቁን ድስት ከታችኛው ቁም ሣጥን ሳብኩት። ከበደኝ። ክዳኑን አነሣሁ።

ውስጡ ምሳው ነበር። ያን ማለዳ የቋጠርኩለት ዳቦ፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ ብርቱካኑ፣ እንደ ጠቀለልኩት። ከሥሩ የትናንቱም ነበር።

ለጊዜው አልገባኝም። ቆሜ አየሁት። ቀጥዬ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። የማለዳው መርፌ ተወግቶ ተጥሏል። የተምሩን ቆርቆሮ ከፈትኩ፤ ጎድሏል። ማፍጠሪያውን በኪሱ ይዞ፣ መርፌውን ወግቶ፣ ምሳውን ድስት ውስጥ ደብቆ ሄዷል። ባሌ እየጾመ ነበር።

ስኳር ያለበት ዘመድ ያላችሁ ታውቃላችሁ። መርፌው ስኳሩን ያወርዳል። ምግብ ካልተከተለው ሰው እንደ ሰከረ ይሆናል፣ ይቃዣል፣ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ይዞት አይቼዋለሁ። ጎረቤታችን ጭማቂ ቢሰጠው ገፈተረው። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶት ነበር። እኔ በገዛ ቋንቋችን ስጮኽበት ነው አፉን የከፈተው። አሁን ደግሞ ብቻውን፣ መኪና ውስጥ፣ በዚያ ብርድ ነው።

ለታክሲ ድርጅቱ ደወልኩ። መኪና የሚመድበው ሰው "ከረፋድ ጀምሮ በሬዲዮ ስጠራው አልመለሰልኝም፤ ግን ዛሬ ማን ይመልሳል? ግማሾቹ በረዶ ውስጥ ናቸው" አለኝ። ፖሊስ ዘንድ ደወልኩ። ብዙ ጠበቅሁ። የታርጋውን ቁጥር ተቀበሉኝና መኪኖቻቸው ሁሉ በየመንገዱ አደጋ ተጠርተው መውጣታቸውን፣ እኔም ከቤት እንዳልወጣ ነገሩኝ። የት እንዳለ ጠየቁኝ። አላውቅም። ባሌ ቀኑን የት እንደሚውል አላውቅም! አሥራ አንድ ዓመት በትዳር የኖርኩ ሴት ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻልኩም።

እንደ እሱ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛው ኑሩ ዘንድ ደወልኩ።

"እህቴ፣ መኪናዬ ተቀብሯል፤ አካፋ ይዤ ወጥቼ በሩን እንኳ አላገኘሁትም" አለኝ። "ኤርፖርት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ኤርፖርት ነው የሚሰለፈው። አብሽሪ፣ አይዞሽ።"

ማበሸር አልቻልኩም። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ከሕንፃው በር ጥቂት እንደራቅሁ በረዶው ጉልበቴን ያዘኝ። ወዴት እንደምሄድ ራሴን ጠየቅሁ። ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ሬዲዮው እየጮኸ ነው። ሰይድ ማለዳ ከፍቶት ሄዶ ነበር። አርብ ማታ ተሸንፈዋል፤ ሰዎቹ ቀጮን ይቀጠቅጡታል። "ሁለተኛው ጎል ሲገባብን የት ነበር? መስመሩ ላይ ቆሞ! አውቶቡስ ይጠብቃል እንዴ?" ይላል አንዱ። ሬዲዮውን አንሥቼ ከግድግዳ ጋር ልፈጠፍጠው እጄን ሰደድኩ። ይህን ጊዜ አቅራቢው እንዲህ አለ።

"ለመሆኑ ሲድ ከሆፕኪንስ የት ጠፋ? ይህን ሰዓት አያልፈውም ነበር።"

"አፍሮ ተደብቋል" አለ ደዋዩ። "አንሶላ ውስጥ ነው።" ሳቁ።

እጄ ሬዲዮው ላይ እንዳለ ቀረ። በዚህ ከተማ ውስጥ ባሌ መጥፋቱን ማንም ሳይነግረን ያወቅነው እኔና እነዚህ ሰዎች ብቻ ነበርን። ደግሞም በረዶ ውስጥ በየመንገዱ ያለው ሾፌር ሁሉ ይህን ይሰማል። የስልኩን ቁጥር መፈለግ አላስፈለገኝም። በየማስታወቂያው መሐል በዘፈን ይሉታል፤ ሳልወድ ተምሬዋለሁ።

አንዲት ልጅ አነሣች።

"ባሌ ጠፍቷል" አልኳት። "ታማሚ ነው፣ ታክሲ..."

"እመቤት፣ ይህ የስፖርት ፕሮግራም ነው። እባክዎ ፖሊስ ዘንድ ይደውሉ።" ዘጋችው።

እንደገና ደወልኩ፤ ተይዟል። ደወልኩ፤ ተይዟል። በመጨረሻ ያችው ልጅ አነሣች። ድምፄን ለወጥ አድርጌ "ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር መናገር እፈልጋለሁ" አልኩ።

"ምን ይላሉ?"

በሕይወቴ አንድ የሆኪ ጨዋታ እስከ መጨረሻው አላየሁም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከወጥ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። "ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም" አልኩ።

"ጥሩ፣ ዛሬ እንዲህ የሚል አላገኘንም። መስመር ላይ ይጠብቁ።"

ጠበቅሁ። በስልኩ ውስጥ አንዱ ሲጮኽ፣ ሌላው ሲስቅ፣ የጎማ ማስታወቂያ ሲመጣ ሰማሁ። መስኮቱ እየጨለመ ነበር።

"ሆፕኪንስ! ሴት ደዋይ!" አለ አቅራቢው። "እንኳን ደህና መጡ። አሥራ ሰባት ይቀመጥ ወይስ ይጫወት?"

ባሌ ጠፋ ብል እንደ ልጅቱ እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ። "ይጫወት" አልኩ። "ቆሞ ይጠብቅ። እሱ እዚያ ሲቆም የነሱ ሁለት ተከላካዮች ወደፊት መምጣት ይፈራሉ። ሳይሮጥ ይከላከላል።"

አቅራቢው ሳቀ። "ቆይ፣ ቆይ። ይህን የት ነው የሰማሁት? ይህ እኮ የሲድ አፍ ነው!"

"የሲድ ሚስት ነኝ" አልኩ። "ሲድ ጠፍቷል። ከረፋድ ጀምሮ አልተገኘም። ስኳር አለበት፣ መርፌ ወግቷል፣ ምግብ አልበላም። ቶሎ ካልተገኘ ይሞትብኛል። ለመነጋገር ብላችሁ የምትነጋገሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ፈልጉልኝ።"

ሬዲዮው ዝም አለ። ያ ጣቢያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። አቅራቢው ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የታክሲው መልክ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነጭ፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው አልኩት። በዚያ በረዶ ነጭ መኪና!

"የመኪናው ሬዲዮ ተከፍቶ ከሆነ ይሰማኝ ይሆናል" አልኩት። "ሲያመው እንግሊዝኛ አይገባውም። በቋንቋችን ላናግረው።"

"ጣቢያው የእርስዎ ነው" አለኝ።

በሚኒሶታ የሆኪ ሬዲዮ ላይ በአማርኛ ጮኽኩ። "ሰይድ! እኔ ነኝ፣ ዘይነባ። ድስቱን ከፍቼዋለሁ። ኪስህ ውስጥ ተምር አለ። አሁን አውጣው። ፀሐይ አልገባችም እንዳትል! አላህ የፈቀደውን የምትከለክል አንተ ማነህ? ብላ! ወላሂ ካልበላህ ይቅር አልልህም። ብላ ሰይድዬ። ብላ።" ከዚህ በላይ ድምፅ አልወጣኝም።

ስልኩን እንዳልዘጋ ነገሩኝ። የሰዎቹ ጥሪ መጉረፍ ጀመረ። አንዱ "ኤርፖርት መንገድ ላይ ነኝ፤ በዚህ ቀን ታክሲ ሁሉ ወደዚህ ነው የሚመጣው፣ እፈልገዋለሁ" አለ። ሌላው መሐል ከተማ ሆቴሎቹ ጋ ነው አለ። ሌላው የለም ሴንት ፖል ነው አለ። በቀጮ እንደሚከራከሩት ሁሉ በባሌ ተከራከሩ። ልቤ ወደሁሉም ቦታ እየሮጠ ተሰነጠቀ። ይህን ጊዜ ዋልተር ገባ።

"ሁላችሁም ተሳስታችኋል፤ እንደተለመደው" አለ። "ሰውየው እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የት እንደሚገኝ ሲነግረን ነበር። ተሳፋሪ አላሳድድም አለ። ሰው የሚወጣበትን በር አውቃለሁ፣ ቦታዬን ይዤ እጠብቃለሁ አለ። ኤርፖርት ምን ያደርጋል? ቦታው ላይ ነው።"

"ዋልተር፣ ሲድ ትክክል ነበር እያልክ ነው?" አለው አቅራቢው።

"ስለ ሆኪው አላልኩም! ስለ ራሱ ነው የምለው። አሁን አዳምጡ። ሲደውል ከኋላው ምን ይሰማል? እንጨት ሲመታ፣ ልጆች ሲጮኹ። ጎማው የሜዳውን አጥር ሲመታ ነው። የሚደውለው ከውጭ የበረዶ ሜዳ አጠገብ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ክርክራችን መሐል ሄሊኮፕተር ድምፁን ዋጠው። 'በሽተኛ እያመጡ ነው' ብሎ ጠበቀ። ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ ሠራተኛ ፈረቃ ሲቀይር የሚወጣበት በር ላይ። ሆስፒታልና ሜዳ ጎን ለጎን ያሉት ሮቢንስዴል ነው። እኔ ለቡና ጋራዥ ገብቼ ነው የደወልኩት፤ በረዶ መጥረጊያ መኪናዬ ደጅ ቆሟል። ሄድኩ።" ስልኩን ሲዘጋው ተሰማ።

አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ ያላወቅሁትን፣ አንድ አይቶት የማያውቅ ባላጋራው ከድምፁ ጀርባ ሰምቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ዛሬም በሕልሜ የሚመጣው። አቅራቢው "እንግዲህ ወደ አሥራ ሰባት እንመለስ" አለ። ስልኩ ውስጥ ጮኽኩ። "እንዴት? ሰው እየሞተ ስለ ጨዋታ ታወራላችሁ?"

ስልክ የምታነሣው ልጅ መጣችልኝ። ቀስ ብላ "እመቤት፣ ዝም ካልን ሰው ጣቢያ ይቀይራል። የሚፈልጉት ሰዎች ጆሮ እንዳይበተንብን ነው" አለችኝ። ደግሞ "ቅድም የዘጋሁብዎ እኔ ነኝ" አለች። እንዳለቀሰች ከአተነፋፈሷ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰማኋቸው። ሰው ይደውላል። "ሃይዌዩን እስከ ድልድዩ አየሁት፣ ነጭ ታክሲ የለም። አሥራ ሰባትም ይቀመጥ" ይላል። ሌላው "መኪና ማቆሚያውን ሁሉ ዞርኩ፣ የለም። ግን ሲድ እውነቱን ነው፣ ልጁን ተውት" ይላል። እያንዳንዱ መጀመሪያ ያየውን መንገድ ይናገራል፣ ቀጥሎ ስለ ቀጮ ያለውን ይናገራል። እንዲያው እንዳይለያዩ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች ነበሩ።

ፀሐይ ገባች። ማፍጠሪያ ደረሰ። ከፊቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ማንሣት አቃተኝ። እሱ ሳይበላ እኔ እንዴት እጠጣለሁ? ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ያረቢ፣ ያረቢ እያልኩ ብቻ ተቀመጥኩ። የሚለምን ሰው ቃል ይመርጣል ይባላል። እኔ ቃል አልነበረኝም።

አቅራቢው የአንዱን ንግግር አቋረጠ። "ዋልተር ነው! ዋልተር፣ የት ነህ?"

ነፋስ ተሰማ፤ ከዚያ የሽማግሌው ትንፋሽ።

"ሮቢንስዴል። ሜዳው አጠገብ ያለው የሕዝብ ስልክ ላይ። አግኝቼዋለሁ። ቀድሞ የጠረገው ሰው በረዶውን ታክሲው ጎን ከምሮበት ሄዷል፣ መስኮቱ ድረስ ተቀብሯል። ይተነፍሳል። የሆስፒታል ሰዎች ይዘውት እየገቡ ነው። በማላውቀው ቋንቋ ሲሰድበኝ ነበር።"

"ምን አለህ?"

"እንጃ። ስለ አሥራ ሰባት ይመስለኛል።"

ሬዲዮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጮኹ። እኔ ውሃውን አነሣሁ። ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ።

ልጅቱ አድራሻዬን ለአንድ የሆፕኪንስ ደዋይ ሰጠችልኝና ሰውየው በትልቅ ፒክአፕ መጥቶ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ብዙ አልተናገረም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርደኝ ብቻ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ይቀመጥ ከሚሉት ነኝ" አለኝ።

ሰይድ ክንዱ ላይ የስኳር ውሃ ተሰክቶለት ተኝቷል። ከአልጋው ግርጌ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በረዶው ከጫማው ቀልጦ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ዋልተር መሆኑን ድምፁን ሳልሰማ አወቅሁ።

ሰይድን ሲያገኘው ሬዲዮው በባትሪው ሹክሹክ ይል እንደነበር ነገረኝ። በአንድ እጁ የበላውን ተምር ፍሬ ጨብጧል፣ ጉንጩ ውስጥ ሌላ ተምር ነበረ። ነርሷ "ያቺ ናት ያቆየችው" አለችኝ።

ሰይድ ዓይኑን ገለጠ። "ዘይኑ" አለኝ። "የሴት ድምፅ ሰማሁ። እናቴ መሰለችኝ። በኋላ እናቴ ስለ ሆኪ ምን አውቃ አልኩ።"

"ለምን ዋሸኸኝ?" አልኩት። ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ወሩ እንግዳ ነው፤ ደግሞ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? ሳልቀበለው እንዳያልፍ ፈራሁ" አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ "ቆሞ ይጠብቅ ብለሻል። እኔ እንዲህ አላልኩም። ቦታውን ይዞ ነው ያልኩት። ቆሞ መጠበቅ ሌላ ነው" አለኝ።

ዋልተር የምንናገረውን ጠየቀኝና ተረጎምኩለት። "ያው ነው!" አለ። "ምን ያው ነው?" አለ ሰይድ በእንግሊዝኛ። ነርሷ መጥታ ድምፃችሁን ቀንሱ እስክትል ድረስ ተከራከሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋልተር ቤታችን የሚመጣ ሰው ሆነ።

ሰይድ ሁለተኛ አልጾመም። በየቀኑ ምትክ ምስኪን አበላ። ፍጡር ላይ ግን እኔ የመጀመሪያውን ተምር ሳነሣ ዓይኑን ይሰብር ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው ኅዳር ወር ሞተ። ማለዳ ነበር፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ ጠርቷል። ሻይ እየጠጣ ደረቱን ያዘ። ስልኩ ሠራ። አምቡላንሱ ወዲያው በር ላይ ቆመ። የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ እጄ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ የት እንዳለ ሳላውቅ ተረፈልኝ፣ አሁን እቅፌ ውስጥ ሆኖ ሄደብኝ። ይህን አስባለሁ፣ አስባለሁ፣ መልስ የለውም። የአላህ ሥራ ነው ይሉኛል። አውቃለሁ። ማወቅ ግን እንቅልፍ አይሆንም።

ዋልተር ለቅሶ መጣ። ኑሩ ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረውና ሽማግሌው በሹራብ ካልሲው ወንዶቹ መካከል ተቀመጠ። ማንም አያውቀውም፣ የሚነገረውም አይገባውም። እስኪመሽ ቆይቶ ሲነሣ በሩ ላይ ቆሞ "አሁን ማን ተሳሳትክ ይለኛል?" አለኝ።

ይኸው ረመዳን መጣ። እንግዳው መጣ፣ እንዳያልፈው የፈራው ሰው ግን የለም። ዒዳ ላይ ስለሆንኩ አልወጣም። ጎረቤቶቼ ፍጡር ያመጡልኛል፣ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ከሄዱ በኋላ ያለውን ሰዓት መግፋት አልችልም። ብዙ ቀን ስልኩን አንሥቼ የምደውልለት ቁጥር አስባለሁ። ባሌ ጠፍቷል ብዬ የምናገርበት ቁጥር የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሬዲዮውን እከፍተዋለሁ። ቀጮ ይህ የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ክርክሩ ብሷል። ዋልተር ይደውላል። የራሱን ሐሳብ ይናገርና ሲያበቃ "ሲድ ቢኖር ደግሞ እንዲህ ይል ነበር" ብሎ የሰይድን ወገን ይይዝለታል። ራሱን በራሱ ይከራከራል። አቅራቢው አያቋርጠውም። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሰው ባላጋራውን እንዲህ ይወዳል?

ባለፈው ቅዳሜ "ሲድ ቢኖር፣ ልጁ ደክሞት ነው፣ ይረፍ ይል ነበር" አለ።

ሾርባውን እያማሰልኩ ነበር። ማማሰያውን አስቀመጥኩ። ሰይድ እንዲህ አይልም። በሕይወቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም። በዒዳ ላይ ያለች ሴት ሬዲዮ ላይ ትወጣለች ወይ የሚሉ ይኖራሉ ብዬ አሰብኩ። እጄ ግን ቁጥሩን እየደወለ ነበር።

ያችው ልጅ አነሣች። "ስለ አሥራ ሰባት ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ምን ይላሉ?"

"ዋልተር ተሳስቷል።"

ድምፄን አወቀችው መሰለኝ። "መስመር ላይ ይጠብቁ፣ እመቤት" አለችኝ። "እባክዎ እንዳይዘጉት።"

አልዘጋሁትም። ቦታዬን ይዤ ጠበቅሁ።